ከገበታው የወጣው ዶሮ

ክዳኑን ስታነሳው እንፋሎት አልወጣም።

አሌክ ክዳኑን በእጇ እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። የሩዙን፣ የፍየል ሥጋውንና የባምያውን ክዳን ስታነሳ ነጭ እንፋሎት ፊቷ ላይ ቡልቅ ይል ነበር። ይኼ የመጨረሻው ትሪ ግን ዝም አለ። አርባ የዶሮ ታፋ በለውዝ መረቅ ውስጥ ተኝቷል፤ መረቁም ስስ ቆዳ መያዝ ጀምሯል። ጎንበስ ብላ ከትሪው ሥር አየች። የማሞቂያው እሳት ጠፍቷል። ከእንግዶቹ አንዱ ሙቀቱ ሲበረታበት ትልቁን ቬንትሌተር ወደ ገበታው ጥግ አስጠግቶት ኖሯል፤ ነፋሱ በቀጥታ የሚመታው እዚያ ነው።

ቴርሞሜትሩን አንስታ ከታፋዎቹ ትልቁ ውስጥ ሰካችው። ቁጥሩ ትንሽ ዋለለና ቆመ። አርባ አንድ።

ቢያንስ ስልሳ መሆን ነበረበት።

ከጠረጴዛው እግር ጋር በገመድ የታሰረውን ቅጽ ገለጠች። በየግማሽ ሰዓቱ የእያንዳንዱ ትሪ ሙቀት የሚጻፍበት ነው። ከዶሮው አንጻር ስድስት ሰዓት ላይ ሰባ ሁለት ይላል። ከዚያ በኋላ እስከ ስምንት ተኩል ድረስ፦ ስልሳ አምስት፣ ስልሳ አምስት፣ ስልሳ አራት፣ ስልሳ አምስት፣ ስልሳ አምስት። አምስቱም በአንድ ትንፋሽ የተጻፉ ይመስላሉ። የእጅ ጽሑፉን ታውቀዋለች። የጓደኛዋ የግሎሪያ ስድስት ቁጥር ሁልጊዜም ሆዱ ትልቅ ነው።

ሰዓቷን አየች። ከስምንት ተኩል አሥር ደቂቃ አልፏል። ድንኳኑ ሥር የክብር እንግዳው ንግግራቸውን ይዘዋል። «በመጨረሻም» ካሉ ይኸው ሦስተኛቸው ነው።

የወላጆች ቀን ነበር። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ለዚህ ቀን ምግብ የሚያስመጣው ከሆቴል ነው። ዘንድሮ ግን የምግብ ዝግጅት ክበቡ አሥራ ሁለት ልጆች ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብተው፣ «እኛ እንሥራው» አሉ። ርእሰ መምህሩ ሳቁ። መሳቃቸውን ያቆሙት እትዬ አስረሳሽ ከልጆቹ ኋላ መቆማቸውን ሲያዩ ነው። እትዬ አስረሳሽ ቶንፒንግ በተባለው የጁባ ሰፈር ያለ አንድ ሆቴል ዋና ወጥ ቤት ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ክበቡን ያስተምራሉ። «ይችላሉ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

የገበታው ኃላፊ እንድትሆን የተመረጠችው አሌክ ናት። ከአባቷ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ጁባ ከተመለሱ ሁለት ዓመታቸው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ዐረብኛዋ ሲሰባበር ክፍሉ በሙሉ ይስቅባት ነበር፤ እንግሊዝኛሽ ደካማ ነው ተብላም ከእኩዮቿ አንድ ክፍል ዝቅ ብላ ነው የገባችው። ዛሬ ግን በነጭ ሽርጧ ላይ ስሟ በሰማያዊ ክር ተጠልፏል። ልጆቹ ከንጋት ጀምሮ ሽንኩርት ልጠዋል፣ ፍየል ከትፈዋል፣ ጠረጴዛ ተሸክመዋል። ገበታው ተዘርግቶ ሲያልቅ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እርምጃውን ቀነስ አድርጎ ያየው ነበር። አሌክም ሰዎቹ ሲያዩት እያየች፣ አንገቷ ከወትሮው በሁለት ጣት የረዘመ መስሎ ተሰምቷታል።

ምሳው ለስድስት ሰዓት ተኩል ነበር የታሰበው። የክብር እንግዳው «መንገድ ላይ ነኝ» እያሉ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሱ።

«ግሎሪ!» አለች አሌክ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ግሎሪያ ከመድረኩ ጎን ሮጥ ሮጥ እያለች መጣች። ጨፍራ ጉንጮቿ በላብ ወዝተዋል። እሷም ያደገችው አዲስ አበባ ነው፤ ጁባ ውስጥ የአሌክ የመጀመሪያ ጓደኛ ናት። ሰው መሀል ሆነው ምስጢር ማውራት ሲያምራቸው አማርኛ ይበቃቸዋል። ዛሬ አሌክ ቀዝቃዛውን ሰላጣና እንግዳ መቀበሉን ስትይዝ፣ ትኩሱን የያዘችው ግሎሪያ ናት። የለውዙ ዶሮም የእሷ ነው፤ ከእናቷ የተማረችው።

«ምነው? ሊበሉ ነው?»

«ዶሮውን መጨረሻ የለካሽው መቼ ነው?»

«ቅጹ ላይ አለልሽ።»

«ቅጹን አልጠየቅኩሽም።»

ግሎሪያ የተከፈተውን ትሪ አየች። ከዚያ የአሌክን ፊት አየች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ስድስት ሰዓት ላይ ለክቼዋለሁ። እውነቴን ነው፣ ሰባ ሁለት ነበር። ከዚያ ቹኦል ከመድረኩ መጣና አንድ ጨፋሪ ጎድሎናል አለኝ። እንግዳውም አሁን ይገባል፣ አሁን ይገባል ሲሉ... መች እንዲህ የሚቆይ መሰለኝ?»

«አምስት ጊዜ ጽፈሻል። አንዷን ስልሳ አራት ያደረግሻት እውነት እንድትመስል ነው?»

አንዲት እናት በአጠገባቸው ስታልፍ ሁለቱም ጥርሳቸውን አሳዩ፤ ሴትዮዋም ፈገግ ብላ አለፈች።

«አቦ አታካብጂ» አለች ግሎሪያ ሴትዮዋ ራቅ ስትል። «እሳቱን እንለኩሰው። አሥር ደቂቃ ነው፣ ይፈላል።»

«እትዬ አስረሳሽ ያሉትን ረሳሽው? ጀርሙ ቢሞት የተወው መርዝ በእሳት አይጠፋም ብለዋል። በጁባ ሙቀት ደግሞ አንድ ሰዓት ነው፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። ይኼ ሦስት ሰዓት ሊሞላው ነው።»

«እስቲ አሽትቺው። ምንም አይልም!»

አሌክ አሸተተችው። ለውዝ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ይሸታል። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችምና ምራቋ መጣ። እትዬ አስረሳሽ ሁልጊዜ፣ «አፍንጫችሁን አትመኑ፤ አፍንጫ ወሬ የሚደርሰው ከሁሉ በኋላ ነው» ይሏቸው ነበር። ያኔ ስቀው ነበር ያለፉት።

«እማዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት» አለች ግሎሪያ፣ ድምፅዋ እየቀጠነ። «ከከተማው ዳር ከሸሪካት ድረስ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነው የመጣችው። አጠገቧ ለተቀመጠ ሁሉ የለውዙን ዶሮ ልጄ ናት የሠራችው ስትል ነው የዋለችው። ሼም ነው አሌክ። በናትሽ።»

«የእኔም አባት መጥቷል።»

«እንግዲያውስ! ላንቺም ሼም ነው። የገበታው ኃላፊ አንቺ ነሽ።»

ይህቺ ቃል ዒላማዋን አልሳተችም። አሌክ ወደ ድንኳኑ ዞረች። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር በፕሮግራሙ ወረቀት ራሷን ታራግባለች። መሬት ላይ ሕፃናት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይዘው ይሳባሉ። አባቷ ስልኩን ይዞ የገበታውን ፎቶ ለአጠገቡ ሰው ያሳያል። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ምናልባት ማንም አይታመም ይሆናል። ምናልባት። ቢታመሙ ደግሞ ቅጹ ሁሉም ነገር ደህና ነበር ብሎ ይመሰክርላታል። ቅጹ አናት ላይ ስሟ ተጽፏል።

ያንን ስሟን አሰበችና ደስ አላላትም።

ሌሎቹን ትሪዎች በየተራ ለካች። ሩዙ ሰባ፣ ፍየሉ ስልሳ ስምንት፣ ባምያው ስልሳ ዘጠኝ። ደህና ናቸው። ከዚያ ሁለት ጨርቅ እጇ ላይ ጠቅልላ የዶሮውን ትሪ ከነመረቁ አነሳችው።

«የት ልትወስጂው ነው?»

«ወደ ጓሮ።»

«ብቻሽን ውሰጂው እንግዲህ» አለች ግሎሪያ፤ ፊቷንም አዞረች።

ትሪው ከባድ ነበር። መረቁ እየተንቦጫረቀ ሽርጧን አጨቀየው፤ ከተጠለፈው ስሟ ሥር ቡናማ ነጠብጣብ ወረደ። በኩሽናው ጀርባ ያለው የቆሻሻ ጉድጓድ ዘንድ ስትደርስ፣ የበሩ ዘበኛ አባ ማሂር ከዛፉ ጥላ ሥር ብድግ አሉ። ጢማቸው የሸበተ፣ ሁልጊዜ የማለዳ ሰላምታቸውን የማይረሱ ሰው ናቸው።

«ያ ቢኒያ፣ አንቺ ልጅ፣ ወዴት ነው የምትወስጂው?» አሏት በዐረብኛ።

«ልደፋው ነው።»

«ዶሮ?» ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው። እንዳልሆነ ሲገባቸው ሳቃቸውን ዋጡ። «አትድፊው። ለእኔ ስጪኝ። እቤት አምስት የልጅ ልጆች አሉኝ። የእኛ ሆድ እንደ እነዚያ ሰዎች ሆድ አይደለም፣ ብረት ነው።»

አሌክ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ጨርቆቹን ከእጆቿ ፈታች። በዚህ ከተማ አርባ የዶሮ ታፋ መድፋት ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋትም። ግሎሪያን እንቢ ማለት ከዚህ ይቀል ነበር። የዐረብኛ ቃላት አንድ በአንድ ፈለገች። ተሰባብረው ወጡ፤ እሷ ግን አላፈረችባቸውም።

«አባ፣ ይኼ ቀዝቅዞ ቆይቷል። ያሳምማል። ለእንግዶቹ ያልሆነ ለእርስዎም አይሆንም። ለልጆቹም።»

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ትሪውን አዩት።

«እንግዶቹ ያውቃሉ?»

«አሁን እነግራቸዋለሁ።»

ዶሮው ጉድጓዱ ውስጥ ሲወድቅ ድምፁ ከባድ ነበር። ማንም ሊያወጣው እንዳይሞክር የሳሙና ውሃና አመድ አፈሰሰችበት። አባ ማሂር አመዱን በአካፋ አቀበሏት። ከዚያ ወደ ገበታው ተመልሳ ንጹሕ ሰሃን አነሳች፤ ትኩስ ሩዝ ከመረች፣ ፍየሉን ጨመረችበትና ይዛላቸው ሄደች። እንደ ደንቡ ከክብር እንግዳው በፊት ማንም አይበላም። ያን ቀን ግን ከሁሉ በፊት የበሉት፣ ከዛፉ ሥር በፕላስቲክ ወንበር የተቀመጡት ዘበኛ ናቸው። ያየ ሰው አልነበረም። እሷ ግን አየች፣ እና ጀርባዋ ቀና አለ።

ስትመለስ ግሎሪያ የሰላጣውን ሳህን እየገፋች ዶሮው በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ታስጠጋለች።

«ተይው» አለች አሌክ።

«ባዶ ነው እኮ። ሰው ይጠይቃል።»

«ይጠይቅ።»

ጭብጨባው ተሰማ። መድረኩን የሚመራው ቹኦል በማይክራፎኑ እንግዶቹን ወደ ምሳ ጋበዘ። አሌክ ከባዶው ቦታ ኋላ ቆመች። «የግሎሪያ የለውዝ ዶሮ» የሚለው ትንሽ ካርድ ገና እዚያው ነው፤ ለማንሳት ጊዜ አልነበራትም።

የክብር እንግዳው ካርዱን አነበቡ። «ይኼስ የት አለ?» አሉ በእንግሊዝኛ።

«ከገበታው አውጥተነዋል ጌታዬ። ሙቀቱን በደንብ አልጠበቅንም። የቀሩትን አሁን ለክተናል፤ ደህና ናቸው።»

ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ፤ ቀጥሎ ሰሃናቸውን ወደ ፍየሉ ዘረጉ። ከኋላቸው ያሉት ሁለት ሰዎች ተጠቃቀሱ። አንዱ ሳቀ። አሌክ ጆሮዋ ጋለ፤ ቢሆንም ቀጣዩን ሰሃን ሞላች፣ ለቀጣዩ ሰውም ያንኑ መልስ ሰጠች፣ ከእሱ ለቀጠለውም።

አባቷ ሲደርስ በአማርኛ ጠየቃት። «የታል ሳምንቱን ሙሉ ስትነግሪኝ የከረምሽው ዶሮ?»

«ደፋሁት ባባ።»

«በሙሉ?»

«በሙሉ። ቀዝቅዞ ነበር።»

አባቷ ባዶውን ቦታ አየ። የቆሸሸውን ሽርጧን አየ። ዶሮ እንደሚወድ ታውቃለች፤ ፊቱ ላይ ቅሬታ ሲያልፍ አይታለች። ከዚያ ወደ ኋላው ዞረና ቅድም ሲስቅ ለነበረው ሰውዬ በእንግሊዝኛ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይቺ የገበታው ኃላፊ ልጄ ናት» አለው። ሩዙን ተቀብሎ ሄደ።

አሌክ ጭልፋውን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ፈገግታዋን ለመደበቅ ወደ ሩዙ አቀረቀረች።

ሰልፉ እየገፋ መጣ፤ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰችው የግሎሪያ እናት ደረሰች። ሁለት ጓደኞቿን አስከትላለች፤ ገና ከሩቅ ካርዱን በጣቷ እያሳየቻቸው ነበር።

«ጂዳድ ፊ ወይን?» አለች። ዶሮውስ የት አለ?

አሌክ አፏን ከፈተች። መልሱን እስካሁን ሃያ ጊዜ ብላዋለች፤ ሃያ አንደኛው አያቅታትም። ግን ከጎኗ ትንፋሽ ሰማች፣ ግሎሪያም አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች።

«እኔ ነኝ እማዬ» አለች። «እሳቱ ጠፍቶ ነበር። እኔ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁትም። ልጨፍር ሄድኩ።»

ሴትየዋ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋችና ልጇን አየቻት። ጓደኞቿ መሬት መሬት አዩ። ሰልፉ ቆመ።

«ይኼስ?» አለች እናትየዋ በመጨረሻ፣ ባምያውን በአገጯ እያመለከተች። «ይኼንንስ አይተሽዋል?»

ግሎሪያ ከአሌክ እጅ ቴርሞሜትሩን ወሰደች። ባምያው መሀል ሰካችው፤ ቁጥሩ ሲቆም ወደ እናቷ አዞረችው። ስልሳ ዘጠኝ። እናትየዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ በጥንቃቄ አነበበች፣ ከዚያም ሰሃኗን ዘረጋች። «በይ ጨምሪ» አለች። «አታሳንሺው።»

የመጀመሪያዋ ጓደኛዋ ቁጥሩን ራሴ ካላየሁ አለች። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ከእነሱ ኋላ የነበሩት አንድ ሽማግሌ የፍየሉ እንዲለካላቸው ጠየቁ። ወዲያው ሰልፉ ሁሉ፣ «የእኔም ይለካ» የሚል ሆነ። ሕፃን ያዘለች አንዲት እናት የሩዙን ሁለቴ አስለካች። ቹኦል መድረኩን ትቶ መጣና ቁጥሮቹን እንደ እግር ኳስ ውጤት በማይክራፎኑ ያውጅ ጀመር። «ሩዝ፣ ስልሳ ሰባት!» ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ግሎሪያ በላብ ተጠምቃ፣ ቴርሞሜትሩን በየመሀሉ እየወለወለች ከትሪ ትሪ ትሮጣለች። አንድ ጊዜ ከአሌክ ጋር ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ።

አሥር ሰዓት ገደማ እንግዶቹ ሄደው ወንበሮቹ ሲደራረቡ፣ እትዬ አስረሳሽ እጃቸውን በጨርቅ እያደረቁ ከኩሽና ወጡ። ቀኑን ሙሉ ከምድጃው አልራቁም። የኩሽናው መስኮት ግን የሚያየው ወደ ጉድጓዱ ነው።

«ቅጹን አምጡ» አሉ።

አሌክ ገመዱን ለመፍታት ስትጎነበስ ቅጹን ቀድማ አየችው። አምስቱ ቁጥሮች ላይ መስመር ተሰምሯል። እንግሊዝኛ ብቻ ባለበት ቅጽ፣ ጥጉ ላይ በአማርኛ ፊደል «አልለካሁም። ግሎሪያ» ተብሎ ተጽፏል። ዞር ብላ አየቻት። ግሎሪያ ትሪ እያጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም።

እትዬ አስረሳሽ አነበቡ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ከጎናቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የደከማቸው ገና ያኔ ይመስል ነበር።

«እኔም ያልለካሁትን ጽፌ አውቃለሁ» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። አሥራ አንድ ሰው ሆስፒታል ገባ። እግዜር ይመስገን፣ ሁሉም ዳኑ። ያን ጊዜ ትሪውን ቀድሞ የሚያነሳ ጓደኛ አልነበረኝም።»

የውሃው ድምፅ ተቋረጠ። ግሎሪያ በክርኗ ዐይኗን ጠረገች።

እትዬ አስረሳሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ። «በሉ፣ ለቅሶው ይቆየን። ርእሰ መምህሩ አሁን መጥተው ነበር። በሚቀጥለው ወር ሰማንያ የመምህራን እንግዶች አሉ፤ ምሳውን እናንተው ሥሩልን ብለዋል። ሆቴል አልጠራም ነው ያሉት።» ቃሉን ሲደግሙት ድምፃቸው ውስጥ ሊደብቁት የሞከሩት ኩራት ነበር። «ገበታው ያው ያንቺ ነው፣ አሌክ። ትኩሱን ማን እንደሚይዝልሽ ንገሪኝ፤ ከአሥራ አንዱ የፈለግሽውን።»

ከኩሽናው በር አጠገብ የነበሩት ልጆች ሁሉ ዞር አሉ። ሦስቱ እጃቸውን አወጡ። ግሎሪያ እጇን አላወጣችም፤ የታጠበውን ትሪ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

አሌክ ሰሃኖቹን ትደረድር ነበር። በእጇ የያዘችውን በላዩ አስቀመጠች፣ ቀጣዩን አነሳች።

«ግሎሪያ» አለች፤ መደርደሯንም ቀጠለች።